ድንጋይ አለኝ በሰማይ

አንድ ደላላ ጥቁር ከባድ ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ ባሕር ዳር ካለ ሱቅ ይገባና፣ «ከሰማይ የወረደ ነው፤ ማግኔት ይስባል፤ ውጭ አገር በዶላር ይቸበቸባል» ይላል እንበል። ባለሱቁ ማግኔት ያስመጣል። ማግኔቱ ሲለጠፍ ቀብድ ይከፈላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የጣና ዙሪያ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ሲሆን፣ በውስጡ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ስላለ ማግኔት ሊስብ ይችላል። በሰሃራ አሸዋ ላይ ጥቁር ድንጋይ ማየት ዜና ነው፤ ጣና ዳር ግን ገበሬው አጥር ይሠራበታል። አንጥረኛ የጣለው የብረት ዝቃጭም እንዲሁ ያታልላል። ይባስ ብሎ፣ ድንጋዩ እውነተኛ ከሆነ ጠንካራ ማግኔት ማስጠጋቱ ለረጅም ዘመን ያቆየውን የማግኔት መዝገብ ስለሚያጠፋ ለተመራማሪው ያለው ዋጋ ይቀንሳል።

ከማግኔት የሚሻል ርካሽ ፈተና አለ። የአረፋ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ በአብዛኛው የምድር ነው። ቀለም ባልተቀባው የሰድር ጀርባ ላይ ሲፈተግ ደማቅ ጥቁር ወይም ቀይ መስመር ከተወ አሁንም የምድር ነው። ከሰማይ የመጣው አየር ውስጥ ሲነድ የለበሰው ስስ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል፤ ጥግ ሲሞረድም ብዙ ጊዜ የብረት ብልጭታ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ዋናው ጥያቄም ኒኬል ነው።

ገበያው የሚከፍለው ግን ለወረቀቱ ጭምር ነው። ዓለም አቀፉ የሜቲዮራይት ማኅበር ስም ሰጥቶ ካልመዘገበው ቁም ነገረኛ ገዢ አይነካውም። ለምዝገባ ደግሞ 20 ግራም ወይም ከክብደቱ 20 በመቶ፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ በታወቀ ተቋም ይቀመጣል። አንኮበር በ1934 ዓ.ም.፣ ጉርሱም በ1973 ዓ.ም. የወደቁት ድንጋዮች በዚህ መዝገብ አሉ። ሁለቱም ከሰማይ ከሚወድቁት መካከል እጅግ የሚበዛው የተራው ወገን ናቸው።

ደላላው የሚጠራው ዋጋ የዚህ ወገን አይደለም። ኒጀር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የተገኘ 24.67 ኪሎ የማርስ ድንጋይ በ2025 ኒውዮርክ በሶዝቢስ ጨረታ 5.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቷል። የኒጀር መንግሥት ድንጋዩ ከአገር እንዴት ወጣ ብሎ ምርመራ የከፈተው ከሽያጩ በኋላ ነው። ሶማሊያም ኤል አሊ ላይ ከ15 ቶን በላይ የሚመዝን የሰማይ ብረት ነበራት። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ከአንዲት 70 ግራም ቁራጭ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ማዕድናት አገኘ፤ ዋናው አካል ግን ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መሻገሩ ተነግሯል።

ስለዚህ የባሕር ዳር ነጋዴ ገንዘቡን በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በምርመራው ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ባለሙያዎችም ለዚህ መስኮት ከፍተው፣ ተመጣጣኝ ክፍያ ተቀብለው፣ በጽሑፍ መልስ ቢሰጡ ብዙ ቀብድ ይተርፋል። የሽያጭ ውሉ ላይ ቀሪው ክፍያ ከላቦራቶሪ ውጤትና ከመውጫ ፈቃድ በኋላ ይፈጸማል የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ። ያገኘው ገበሬም ድንጋዩን ሳያነሣ ፎቶ አንሥቶ፣ ቦታውን መዝግቦ፣ ሳያጥብ በንጹሕ ላስቲክ ይጠቅልለው። ይህን ውል የማይፈርም ደላላ ድንጋዩን በፌስታሉ ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ።