ነፍሰ ጡሯ ደንበኛ ድንኳን አልጠየቀችም

በአዲስ አበባ ቡቲኮች "ለነፍሰ ጡር የሚሆን ልብስ አላችሁ?" ብላ የምትጠይቅ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብላት አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለ ቅርጽ የሚወርድ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ቀሚስ። ሻጩ "ይመችሻል" ይላታል። እርሷም ምርጫ ስለሌላት ትገዛለች፤ አለዚያም ሳትገዛ ወጥታ የባሏን ሸሚዝ ትለብሳለች። ለነጋዴው ሁለቱም ኪሳራ ነው። የመጀመሪያዋ ዳግመኛ አትመለስም፤ ሁለተኛዋ ገንዘቧን እንደያዘች ሄዳለች።

ይህ ገበያ ተንቆ የቀረው ነፍሰ ጡር ሴት ማጌጥ አትሻም ከሚል ግምት የተነሳ ነው። ግምቱ ትክክል አለመሆኑን በተግባር የፈተኑና የከበሩበት ነጋዴዎች በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት ነበሩ። "ፒን አፕ" የተባለው የድሮ የአሜሪካ አለባበስ ዛሬ በነፍሰ ጡሮች ዘንድ ወዳጅ ማፍራቱም ያው ታሪክ በሌላ መልክ መቀጠሉን ያመለክታል።

ፒን አፕ በግድግዳ ላይ በመርፌ የሚሰካ የቆንጆ ሴት ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ማለት ነው። እነ ጊል ኤልቭግሬንና አልቤርቶ ቫርጋስ የሳሏቸው ሴቶች በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ካላንደርና መጽሔት አሻሽጠዋል። በ1943 እ.ኤ.አ. የተሰራጨው የተዋናይቷ ቤቲ ግሬብል ፎቶግራፍም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ሰፈር ያልተሰቀለበት ቦታ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ከሥዕሎቹ የተወረሰው አለባበስ የሚታወቀው በጠባብ ወገቡና በተንሰራፋ ጉርዱ፣ በነጠብጣብ ጨርቁ፣ በተጠቀለለ ፀጉሩ፣ በሻሹና በቀይ ሊፒስቲኩ ነው። ይህ ፋሽን ተመልሶ የራሱን ገበያ አቁሟል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላስ ቬጋስ ለሚካሄደው "ቪቫ ላስ ቬጋስ" የተባለ የሙዚቃ በዓል ሰዎች በዚሁ አለባበስ ተሸላልመው ይጎርፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጠባብ ወገብ የሚያሞግስ ፋሽን ወገቧ ለጠፋ ሴት ምን ይፈይዳል? መልሱ ያለው በልብስ ሰፊው መቀስ ላይ ነው። የቀሚሱ ወገብ ከእምብርት ተነስቶ ከጡት ሥር ይገባል፤ ሽንሽኑ ከዚያ ጀምሮ ይንሰራፋል፤ በመቀነት የሚታሰር ከሆነም ሆዱ ባደገ ቁጥር መቀነቱ ይላላል። ነጠብጣቡ፣ ሻሹና ሊፒስቲኩ እንዳሉ ይቀራሉ። አለባበሱ የሚያጎላው ወገብን ብቻ ሳይሆን ቅርጽን ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ቅርጽ አላት። ለወንድ ዓይን ተስሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አለባበስ ነፍሰ ጡሯ ለራሷ ደስታ ስትለብሰው ትርጉሙም ይለወጣል።

ደንበኛ ያስተማራት ልብስ ሰፊ

የነፍሰ ጡር ልብስ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚዋ ሊና ብራያንት ነች። በ1879 እ.ኤ.አ. በሊቱዌኒያ ተወልዳ በ16 ዓመቷ ኒው ዮርክ የገባችው ይህች ሴት ባሏ ገና ሕፃን ልጅ ጥሎባት ሲሞት ያቋቋማት የስፌት መኪና ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ሱቅ ከፈተች። ለባንክ ስትፈርም "ሊና" የሚለው ስሟ "ሌን" ተብሎ በስህተት በመጻፉ ድርጅቱ ሌን ብራያንት ተብሎ ቀረ።

ከደንበኞቿ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። የጠየቀቻትም የሚመች፣ ነገር ግን እንግዳ ፊት የማያሳፍር ልብስ ነው። ሊና ከላይ ያለውን ክፍል ከሽንሽን ጉርድ ጋር በላስቲክ አያይዛ ሰፋችላት። ልብሱ ከሆዷ ጋር አብሮ የሚያድግ ሆነ። ወሬው ከሴት ወደ ሴት ተዛመተ። የጊዜው ጋዜጦች ግን እርግዝና በአደባባይ አይነሳም ብለው ማስታወቂያዋን አናወጣም አሉ። በ1911 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሄራልድ እሺ ብሎ ባወጣላት ማግስት በሱቋ የነበረው ልብስ ተጠራርጎ አለቀ። በ1917 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ ዓመታዊ ሽያጭ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ነውር ተብሎ በር የተዘጋበት ዕቃ ባለ ብዙ ገዢ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፒን አፕ ዘመን ጋር ይገጥማል። በ1938 እ.ኤ.አ. በዳላስ ከተማ ኤልሲ ፍራንክፈርት የተባለች ወጣት እርጉዝ እህቷ የለበሰችው ልብስ ዓይኗን ቢያስጠላት የጉርድ ቀሚሱን ፊት በሆድ ልክ ቆርጣ አወጣችው፤ በክር እየሰፋ እንዲሄድም አደረገች። ቁራጩን የሚሸፍን ረዘም ያለ ጃኬት ከላይ ሲደረብበት ጉርዱ ፊት ለፊት ሳይሰቀል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እህትማማቾቹ በ500 ዶላር "ፔጅ ቦይ" የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ለፈጠራቸውም የባለቤትነት መብት አወጡ። ሱቃቸውን የከፈቱት የማህፀን ሐኪሞች ከሚሠሩበት ሕንፃ አጠገብ ነው። ገዢዋ ከሐኪሙ ስትወጣ ቀጥታ የምታየው የእነርሱን መስኮት ነበር። ለማስታወቂያ ከሚወጣ ብዙ ገንዘብ የተሻለ ዘዴ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ይረዳዋል።

በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጦርነት ምርት ቦርድ ጨርቅ ለመቆጠብ የቀሚስን ርዝመትና ስፋት በደንብ ሲወስን የነፍሰ ጡር ልብስ ከገደቡ ነፃ ተደርጓል። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት እንኳ የነፍሰ ጡሯን ልብስ እንደ ትርፍ ነገር አልቆጠረውም ማለት ነው።

ያም ሆኖ ይሉኝታው ቶሎ አልለቀቀም። ተዋናይት ሉሲል ቦል በ1952 እ.ኤ.አ. እርጉዝ ሳለች "አይ ላቭ ሉሲ" በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ ነፍሰ ጡር ሆና ስትቀርብ "እርጉዝ" የሚለው ቃል በፕሮግራሙ እንዳይነገር ተደርጎ ነበር። ጥር 19 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. የመውለዷ ክፍል ሲታይ ግን 44 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል። ቃሉን የፈሩት አዘጋጆችና ማስታወቂያ ሰጪዎች እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።

ወደ መርካቶ ስንመለስ

የአሜሪካው ልምድ ለአዲስ አበባ እንዳለ ይገለበጥ ማለት አይደለም። በአገራችን እርግዝና በተለይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሰው ዓይን ይጠበቃል፤ ነጠላ የምትደርብ፣ ሰፊ ልብስ የምትመርጥ እናት ብዙ ናት። ይህን ልማድ የሚንቅ ነጋዴ ደንበኛ አያገኝም። ነገር ግን ተከልላ መቆየት የምትፈልገው ሴት አለች ማለት ሁሉም ይፈልጋሉ ማለት አይደለም። መከለል የምትፈልገውም ብትሆን አስቀያሚ ልብስ ልበሺ አልተባለችም። የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች ይህንን ያውቁታል፤ ከጡት ሥር ተሸንሽኖ የሚወርድ የሐበሻ ቀሚስ ሆድን ሳያስጨንቅ ሲያምር ይታያል። ጥያቄው ለበዓል የተቻለው ለሥራ ቀን ለምን እንዳልተቻለ ነው።

የሥራ ቀኑ ደግሞ ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ የባንክ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ጸሐፊዋና አስተማሪዋ ስምንተኛው ወር እስኪያልቅ ድረስ በየማለዳው ሰው ፊት ትቀርባለች። ደሞዝ አላት፤ የምትለብሰው ያስፈልጋታል። ሥራዋን በትጋት እየሠራች "ምን ለበሰች" ተብላ የምትታማ ሴት የምታጣው ደስታዋን ብቻ አይደለም፤ በባልደረባና በአለቃ ፊት ያላትን ግምትም ጭምር ነው።

ነጋዴዎች ዘወትር የሚያነሱት መከራከሪያ "ለአራትና አምስት ወር ብላ ማን ገንዘብ ያወጣል?" የሚል ነው። መከራከሪያው ተገቢ ነው፤ ለድንኳኑ ቀሚስ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ ከወሊድ በኋላ ማንም አይለብሰውምና። ፊት ለፊት ተደራርቦ በመቀነት የሚታሰር ወይም እስከ ወገብ ቁልፍ ያለው ቀሚስ ግን ከእርግዝና በፊት ይለበሳል፤ በእርግዝና ጊዜ ይሰፋል፤ ከወሊድ በኋላ ለማጥባት ይመቻል፤ ልጁ ጡት ሲተውም እንደገና ይጠባል። የድሮው ፋሽን ጥቅም ይህ ነው፤ ወቅቱ አልፎበታል ተብሎ አይጣልም፤ ድሮውኑ ያለፈ ነውና። ለነጋዴውም በመቀነት የሚስተካከል ልብስ በየቁጥሩ ብዙ ክምችት አያስይዝም። ቀብድ ተቀብሎ በልክ ለሚሰፋው ደግሞ ከነጭራሹ የክምችት ስጋት የለበትም።

ዕቃውን ከውጭ ማምጣት ይሻላል የሚሉ አሉ። ልባሽ ጨርቅ በንግድ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ በቦንዳ የሚገባው ሳልቫጅ የሕጋዊ ነጋዴ መተማመኛ ሊሆን አይችልም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም አዲስ ልብስ ከውጭ የማምጣት ወጪ ከብዷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አገሪቱ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትሰረዝ ለአሜሪካ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ሥራ ቀዝቅዞባቸዋል፤ የሠለጠኑ የስፌት ሠራተኞችም ተበትነዋል። ጥጥ ጨርቅ፣ መቀስና እጅ አለ። የጎደለው ነፍሰ ጡሯን እንደ ደንበኛ የሚቆጥር ባለ ገንዘብ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮችም አሉ። ፒን አፕ ከድሮ የወረሳቸው ሆድ የሚያስጨንቁ ቀበቶዎች፣ ውስጥ ለውስጥ የሚታሰሩ ማጥበቂያዎችና ረጅም ታኮ ጫማዎች ለነፍሰ ጡር አይሆኑም። እነዚህን አብሮ የሚሸጥ ሰው ደንበኛዋን ይጎዳል፤ ስሙንም ያጠፋል። አየር የሚያስገባ ጥጥ፣ ልል ላስቲክና ዝቅ ያለ ጫማ ውበቱን አይቀንሱትም።

በየግል ክሊኒኩና በየእናቶች ሆስፒታሉ ደጃፍ መድኃኒት ቤት አለ፤ ጭማቂ ቤት አለ፤ የሕፃን ልብስም ተሰቅሎ ይታያል። ገና ላልተወለደው ሕፃን ልብስ የሚያቀርበው ነጋዴ ተሸክማው ለቆመችው እናት አንድ ደህና ቀሚስ አልሰቀለም። በዳላስ እህትማማቾች በእንዲህ ያለ ደጃፍ በ500 ዶላር ድርጅት አቁመዋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህን ገበያ ንቆ ከተወው ነገ ሌላው መጥቶ ይወስደዋል። ነፍሰ ጡሯ እንደሆነች ገንዘቧን ይዛ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ነው፤ ያልጠየቀችውን ድንኳን ግን ደግማ አትገዛም።