አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው



«አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» ይላል ያገራችን ሰው። ሌባ ሌሊት በሰፈራችን ሲዞር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በየግቢው በር ቀዳዳ አጮልቆ ያያል፤ የቱ ሞተር በደንብ እንደታሰረ፣ የቱ ደግሞ እንዲሁ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ያጤናል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው አያያዙ ወደላላው ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ሞተር ሳይክል ቁልፍና አላርም አመራረጥ፣ እንዲሁም ከቁልፉ በኋላ ስለሚቀረው የጎረቤት ሥራ ጥቂት እንላለን። ሞተር የሌላችሁም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

እንደሚታወቀው በሰፈራችን ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። አንዱ ዕቃ ያመላልስበታል፣ ሌላው ገጠር ወዳለው ሥራው ይሄድበታል፣ ሌላው ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበታል። ብዙዎቹ የተገዙት በዕቁብ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር በተወሰደ ገንዘብ ነው። ሞተሩ ሲሰረቅ ብድሩ አብሮ አይሰረቅም፤ ዕዳው ቤት ይቀራል። አንዳንድ ሰው ደግሞ «ኢንሹራንስ ገብቻለሁ እኮ» ብሎ ይዘናጋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ሁሉም ባለተሽከርካሪ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን በተሽከርካሪው ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው እንጂ ለስርቆት አይከፍልም። የስርቆት ዋስትና ለብቻው የሚገባ ነው።

የተሰረቀ ሞተር ደግሞ ለሌላ ወንጀል ይውላል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ በሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ሲጣል ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ በሞተር ተፈናጠው በሚመጡ ሰዎች የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። ያን ጊዜ በላቡ የሚያድረውም ከቀማኛው ጋር አብሮ ተቸገረ። ከገበያ ስትመለስ ቦርሳዋን የምትነጠቅ እናት ሞተር የላትም፤ ጉዳቱ ግን ይደርሳታል። ሞተር የሌላችሁም አንብቡት ያልነው ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአንድ የተከራዮች ግቢ አንድ ቦክሰር መወሰዱን ታስታውሳላችሁ። ሰንሰለት ነበረው፣ አላርምም ነበረው። ጠዋት የተገኘው ግን ተቆርጦ የወደቀ ጓጉንቸር ብቻ ነው። አላርሙ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሲጮህ በዙሪያው ያሉ ጎረቤቶች ሰምተዋል። ነገር ግን ያ አላርም ድመት በነካችው ቁጥር የሚጮህ ስለነበረ «ያው የተለመደው ነው» ተብሎ ታለፈ። በኋላ በስብሰባችን ላይ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንዱ ወገን «አላርም እንቅልፍ ነሳን፣ ይከልከል» አለ። ሌላው «ጎረቤት ካልወጣ ቁልፍ ምን ይፈይዳል?» አለ። በዚህ ጽሕፈት ቤት አስተያየት ሁለቱም እውነቱን ግማሽ ግማሽ ይዘዋል።

ዋናው ነገር እንዲህ ነው። የማይሰበር ቁልፍ የለም። ቁልፍ ስንገዛ የምንገዛው ጊዜ ነው። ርካሹ ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ይሰጣል፣ ደህናው ብዙ ደቂቃ ይሰጣል። ያንን ደቂቃ ጥቅም ላይ የሚያውለው ግን ሰምቶ የሚነሳ ሰው ነው። የሚነሳ ሰው ከሌለ ደቂቃው ሁሉ የሌባው ነው።

ሌባ ሞተር የሚወስደው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የመሪውን ቁልፍ በጉልበት ሰብሮ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሳያስነሳ እየገፋ ወስዶ ራቅ ካለ በኋላ ይጨርሰዋል። ሦስተኛ፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንስተው መኪና ላይ ይጭኑታል። እዚህ የተለመዱት ሞተሮች ከመቶ ኪሎ ብዙ ስለማይርቁ መሸከሙ አያቅታቸውም። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ይኸኛው ቁልፍ ከሦስቱ የትኛውን ያግዳል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ፋብሪካው የሠራለት የመሪ ቁልፍ ትንሽ ያዘገያል እንጂ ጠንከር ላለ ሌባ መልስ አይሆንም። ቢሆንም ሁልጊዜ ቆልፉት፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጀመሪያውን ገንዘብ በሰንሰለት ላይ አውሉ። ከመሬት ጋር ከተያያዘ ነገር ጋር የታሰረ ሞተር አይነዳም፣ አይገፋም፣ አይጫንም፤ ሦስቱንም የሚያግድ እሱ ብቻ ነው። በየሱቁ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ወፍራም የሚመስል የሽቦ ገመድ ይሸጣል። ላስቲኩ አያታላችሁ፣ ውስጡ ቀጫጭን ሽቦ ነው። የሰንሰለቱ ቀለበት ብረት ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በእጅ የሚሠራ የብረት መቁረጫ መቀስ ብዙ ሳይለፋ ይበጥሰዋል። 13 ሚሊ ሜትር የሆነና ብረቱ የጠነከረ ሰንሰለት መቀሱን ያስቸግራል። 16 ሲሆን የእጅ መቀስ ብዙም አይደፍረውም። የብረቱን ጥንካሬ ለማወቅ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ በሞረድ ጥግ ላይ ሞክሩት። ሞረዱ ከበላው ለስላሳ ብረት ነው፤ ካንሸራተተው ደህና ነው። ግራይንደር ሁሉንም ይቆርጣል፣ ይህን አንደብቅም። ግራይንደር ግን ይጮኻል፣ እሳት ይረጫል፤ ሌባ የሚፈልገው ደግሞ ጸጥታና ጨለማ ነው።

ጓጉንቸሩ ከሰንሰለቱ እኩል ይሁን። ባለፈው ክረምት የተቆረጠው ሰንሰለቱ ሳይሆን ጓጉንቸሩ መሆኑን አትርሱ። የታጠፈው ብረቱ አጭር ሆኖ በአካሉ የተሸፈነውን ምረጡ፤ መቀስ የሚገባበት ቦታ አይሰጥም። ስትቆልፉ የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ታች ይዙር፣ አቧራና ዝናብ እንዳይገባው። ግራሶ አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል።

አስተሳሰሩም ዕውቀት ይፈልጋል። የፊት ጎማውን ብቻ ያሰረ ሰው ጎማውን ብቻ ሊያገኘው ይችላል፣ ጎማ በብሎን የሚፈታ ነውና። ሰንሰለቱ በሻንሲው ውስጥ ይለፍ፤ ካልሆነም በኋላ ቸርኬ በኩል ዞሮ ሻንሲውን ይያዝ። መሬት ላይ ተዝረክርኮ አይተኛ፤ ሌባው የመቀሱን አንድ እጀታ መሬት አስደግፎ በሌላው ላይ በሙሉ ክብደቱ ይቆምበታል፣ ወይም በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። አጠር አድርጋችሁ ወጥሩት። በላዩ ሸራ ጣል ብታደርጉበት ደግሞ ሌባው ምን ዓይነት ሞተርና ምን ዓይነት ቁልፍ እንዳለ በቀዳዳ አይቶ መወሰን ያቅተዋል።

«ከምን ጋር እንሰር?» የሚለው የተከራዮች ጥያቄ ነው፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። የውኃ ቧንቧና የእንጨት ምሰሶ አይሆንም። መልሱ ብየዳ ቤት ባለ 20 ፌሮ አስጎብጦ፣ ሁለት እግሮቹን ከታች በልቀጥ አድርጎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል በኮንክሪት መቅበር ነው። ውኃ እየጠጣ ሳምንት ይቆይና ሥራ ይጀምራል። በዚህ አጋጣሚ አከራዮችን እንለምናለን። አንዳንዶቻችሁ «ግቢዬ አይቆፈርም» እንደምትሉ ሰምተናል። አንድ ጉድጓድ ናት፣ ስፋቷ ከምጣድ አይበልጥም። ተከራያችሁ ሞተሩን ያጣ ዕለት ኪራዩን የሚከፍለው ከምን ይመስላችኋል? ቀለበቷ ግቢው ውስጥ ትቀራለች፣ ለሚቀጥለውም ተከራይ ትሆናለች።

የፍሬን ዲስክ ቁልፍ ቀላልና ኪስ የሚገባ ስለሆነ ቀን ላይ ሱቅ ደጅ ለማቆም ይጠቅማል። ነገር ግን ሸክምን አያግድም። የብዙዎቹ ቦክሰሮች የፊት ፍሬን ባለ ከበሮ ስለሆነ ደግሞ አይገጥምላቸውም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተራችሁን እዩ። ቁልፉ መኖሩን ረስቶ መንዳት ያጋድማል፣ ስለዚህ ከቁልፉ እስከ መሪው ደማቅ ገመድ እሰሩበት። ከዚህ ሌላ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ መካኒክ ካላችሁ ድብቅ ማጥፊያ ያስገጥማችሁ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሞተሩንም ቶሎ እንዳይነሳ ያደርጋል። ቦታውን ግን ለጓደኛም አታሳዩ።

አሁን ወደ አላርሙ እንምጣ። አላርም አያስርም፣ ይጮኻል እንጂ። ስለዚህ የሰንሰለት ምትክ አይደለም፣ የሰንሰለት ረዳት ነው። ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ስሜቱ የሚስተካከል ይሁን፤ ከባድ መኪና ባለፈና ነጎድጓድ በመታ ቁጥር የሚጮህ ለማንም አይበጅም። ሁለተኛ፣ ጩኸቱን የሚያወጣው ክፍል እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ይገጠም፣ የሞተሩ ባትሪ ሲቆረጥም የሚጮህበት የራሱ ባትሪ ቢኖረው ይመረጣል። ሦስተኛ፣ አላርሙ ሲጠባበቅም ባትሪ ይበላል። 5 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ሚሊ አምፒር ለሚወስድ አላርም ቢቆም በ20 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። ሞተራችሁን ለረጅም ጊዜ አቁማችሁ አገር ቤት የምትሄዱ ይህን አስቡበት። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አላርሙ ራሱ ላይሰማ ስለሚችል በሐምሌና በነሐሴ ሰንሰለቱን ይበልጥ ማጥበቅ ነው።

በሲም ካርድ የሚሠራ አቅጣጫ ጠቋሚ የሚያስገጥሙም አሉ። ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሲሙ ሂሳብ ካላለቀበትና ኔትወርክ ካለ ነው የሚያገለግለው። ሞተሩ ያለበትን ካወቃችሁ ደግሞ ለፖሊስ ንገሩ እንጂ ብቻችሁን እንዳትሄዱ።

ከሁሉ የረከሰው ጥበቃ ወረቀት ነው። ሊብሬን ወንበር ሥር ማስቀመጥ ሌባውን ከነሰነዱ መሸኘት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በደብተር ጽፋችሁ፣ ፎቶም አንስታችሁ ቤት አስቀምጡ። ያገለገለ ሞተር ስትገዙም በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን፣ የተፋቀ አለመሆኑን እዩ። ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ ሞተርና መለዋወጫ የማን እንደነበረ ጠይቁ፤ የሚገዛ ባይኖር የሚሰርቅ አይኖርም።

እንግዲህ የቀረው የጎረቤት ሥራ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. አላርሙ በከንቱ የሚጮህበት ባለሞተር ሲነገረው በሳምንት ውስጥ ያስተካክል፤ ካላስተካከለ ይንቀለው። በከንቱ የሚጮህ አላርም የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም አላርም ሰሚ ያሳጣል።

2ኛ. ሌሊት አላርም ወይም የግራይንደር ድምፅ ሲሰማ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቀጠለ በአቅራቢያው ያለ ቤት ሁሉ የውጭ መብራት ያብራ፣ ፊሽካ ይንፋ፣ ለጥበቃው ይደውል። ብቻውን ማንም አይውጣ፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ነው። የጫነ መኪና ካለ ታርጋውንና የሄደበትን አቅጣጫ መያዝ ይበቃል። የተያዘ ሌባ ቢኖር ለፖሊስ ይሰጣል እንጂ አይደበደብም። የሰው ነፍስ ከሞተር ትበልጣለች።

3ኛ. ሞተር ባለበት የኪራይ ግቢ ሁሉ አንድ የማሰሪያ ቀለበት ይተከል። ወጪውን አከራይና ተከራይ እኩል ይካፈሉ፤ ጉልበቱን የሰፈራችን ወጣቶች እንደሚሰጡ እንተማመናለን።

«አላርም ይከልከል» ላላችሁት መልሳችን አንደኛው ሐሳብ ነው። «ጎረቤት አይወጣም» ላላችሁት መልሳችን ሁለተኛው ነው። የሚቃወም ካለ ስብሰባው ላይ መጥቶ ይናገር፣ የተሻለ ካመጣ እንቀበላለን። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወጥታችሁ ሞተራችሁን አንድ ጊዜ በሌባ ዓይን እዩት። አያያዛችሁ ከላላ አጥብቁት።

የማኅበሩ ጸሐፊ