የሴቻ ሟቾች በማን መዝገብ ይቆጠሩ?

የእድሩ መዝገብ ይቆጠር

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ የሟቹ ብዛት በውል አልታወቀም። 9 ሺህም 10 ሺህም የሚባለው ግምት ነው፤ እየቆጠረ የሚጽፍ አልነበረምና። ዛሬ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ላይ ጸሐፊ አለ። የእድሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀንና ለቤተሰቡ የተሰጠውን ብር ይጽፋል፤ ገንዘብ ስለሚጠየቅበት አይዘነጋውም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ሲገባው፣ ወደ ቀበሌ ቶሎ የሚሄደው ግን ውርስ ያለበት ቤተሰብ ነው።

ከቀበሌ ውጭ ያለ መዝገብ ለቆጠራ እንደሚሆንም ታይቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች ከመቃብር ቦታዎች መዝገብ ሰብስበዋል። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ የኤድስ ሞት ምን ያህል እንደቀነሰ የታየው በዚያ ነው።

አይበቃም

ጋሼ፣ እድር የሚጽፈው አባሉንና የአባሉን ቤተሰብ ነው። ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሉበትም። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ጨቅላም ድንኳን አይተከልለትም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የእሱ አለመቆጠር ነው። የሞት ምክንያትስ? «ባደረበት ሕመም» ከሚል ቃል ወባን ከሳንባ ነቀርሳ መለየት አይቻልም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የክትትል ጣቢያ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቀበሌዎች እንደሚያደርገው፣ ቤት ድረስ ሄዶ ሟቹን ያስታመመውን ሰው ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ ቀናቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመቃብር ቆጠራውም እዚህ አይሠራም። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ በሪፈር መጥቶ ከተማ ላይ የሞተ ሰው አስከሬኑ ወደ አገሩ ይመለሳል። በመቃብር ብንቆጥር እዚህ አይገኝም፤ በሆስፒታል ብንቆጥር ደግሞ ሞቱ በከተማዋ ላይ ይጻፍና ሰው የሚያልቅባት ያስመስላታል። እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሟቹን በሞተበት ሳይሆን በኖረበት አካባቢ መቁጠር የጀመሩት ለዚህ ነው። ደግሞስ ከስንት ሰው ስንት ሞተ እንላለን? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።

መልስ

እህቴ፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ መልሱ እድሩ ውስጥ አለ። የአባላቱ ስም ከነቤተሰባቸው ተጽፏል፤ ከስንት ቤተሰብ ስንት ሰው እንደሞተ ከዚያ ይወጣል። ከደጋ በሪፈር የመጣው ታማሚም የሴቻ እድር አባል ስላልሆነ ቁጥሩን አያዛባም። ለጨቅላውና ለተከራዩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዙሩ፤ ይህን አልቃወምም። በየወሩ የሚሰበሰበው እድር ግን ያንን ሁሉ መጠበቅ የለበትም፤ የሟቾቹን ዕድሜ፣ ጾታና የመጨረሻ ሕመም የሚይዙ ዓምዶች መዝገቡ ላይ ይጨመሩለት።