በአራዳ ለሚከፈት ሆቴል፦ አሮጌው ይጠገን ወይስ አዲስ ይገንባ?

አሮጌው ይጠገን

ፒያሳ ላይ ሆቴል ለመክፈት የተነሣ ባለሀብት፣ አሮጌውን ቤት አፍርሶ በመስታወት የተለበጠ ፎቅ ከማቆሙ በፊት እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ልብ ብሎ ይመልከት። ከ100 ዓመት በላይ እንግዳ የተቀበለው ይህ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ረጅም፣ በረንዳው ሰፊ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ክፍልን ለማናፈስ ይኸው ይበቃል። መስታወቱ ግን የቀትር ፀሐይን ይዞ ያስቀራል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገጠማል። «ማቀዝቀዣው የሚሠራው ከውኃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ አየር አይበክልም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ክርክሬን የሚያጠናክረውም ይኸው ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከግድብ ስለሚመጣ፣ የአንድ ሕንፃ ትልቁ ጉዳት ገና ሲሠራ በሚፈጀው ሲሚንቶና ብረት ላይ ነው። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ወይም 8 እጁ ከሲሚንቶ ሥራ የሚወጣ ነው። የእቶኑ ነዳጅ ቢለወጥም ነገሩ አይቀርም፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ጋዙን ይለቃልና። ለቆመ የድንጋይ ግድግዳ ግን አዲስ እቶን አይነድለትም።

አዲስ ይገንባ

ባልደረባዬ ስለ ሲሚንቶ ያሉትን አልክድም። ይሁንና የአራዳ አሮጌ ቤት ሁሉ ጣይቱን አይመስልም። ብዙው በእንጨትና በጭቃ የቆመ ነው፤ ቋሚው ከመሬት እርጥበት እየሳበ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ልስኑ ይረግፋል። በየክፍሉ መታጠቢያ ቢገጠምለት አይሸከምም። እሳትም አለ፦ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ከፊሉ ወድሟል፤ የሙዚቃ ቤቱ ጃዛምባም አብሮ ጠፍቷል። ደግሞስ ተፈጥሮን የሚጎዳው ጋዝ ብቻ ነው? ሆቴል ቀኑን ሙሉ አንሶላ ያጥባል፣ ፍሳሽ ያወጣል፤ እንደ ግንፍሌ ያሉት የከተማችን ወንዞች የቆሻሻ መውረጃ ሆነዋል። በአዲስ ሕንፃ ምድር ቤት የፍሳሽ ማጣሪያና የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ከመሠረቱ ታስቦ ይገባል፤ በአሮጌው ይህን ሁሉ ለመጨመር ግድግዳውን መብሳት፣ ወለሉን መቆፈር ግድ ነው። መስታወቱን በተመለከተ ከባልደረባዬ ጋር አንድ ነኝ፤ አዲስ ፎቅ ግን የግድ መስታወት መልበስ የለበትም። የድንጋይ ግድግዳና ጥልቅ በረንዳ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ ጣይቱን የመሰለው ይጠበቅ፤ የበሰበሰው ይነሣ፤ ፈቃድ ሰጪውም ፍሳሹን ለማያጣራ ሆቴል የግንባታ ፈቃድ አይስጥ።