አንድ ሳይሆን ሁለት

ፖክሞን ቀይን ወይም ሰማያዊን ዛሬ ገዝቶ ለመጫወት ላሰበ ሰው ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ አንዱን ብቻ አይግዛ። ገንዘቡ ለሁለት ካልበቃ ሁለተኛውን የሚገዛ ጓደኛ፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይፈልግ። ይህን የምለው ያገለገሉ ጌሞች የሚሸጡ ሱቆችን ለመጥቀም አይደለም። ይህ ጌም ሆን ተብሎ ጎዶሎ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ አንዱን ካሴት ብቻ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው በእጁ ያለው ግማሹ ነው።

በጌሙ ውስጥ 151 ፖክሞኖች አሉ። ተጫዋቹ በየሣሩና በየዋሻው እየዞረ ይይዛቸዋል፣ ያሠለጥናቸዋል፣ ስድስት ስድስት እያደረገ ያሰልፋቸዋል። ኢካንስ የተባለው እባብ ግን በቀዩ ካሴት እንጂ በሰማያዊው የለም። ሳንድሽሩ ደግሞ በሰማያዊው እንጂ በቀዩ አይገኝም። በዚህ መልክ እያንዳንዱ ካሴት በሌላው ውስጥ ያሉ 11 ፖክሞኖች ይጎድሉታል። በዚያ ላይ ገና ከመነሻው ከሦስት አንዱን ምረጥ ይባላል፤ ቡልባሶርን የወሰደ ሰው ቻርማንደርንና ስኳርትልን ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሣር ውስጥ አያገኛቸውም። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ስንት ሌሊት ቢያነጋም፣ ከሌላ ሰው እጅ ሳይቀበል የፖክሞን መዝገቡን አይሞላም።

ሐሳቡ የሳቶሺ ታጂሪ ነው። ታጂሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ተወለደ፤ ያደገው ከቶኪዮ ዳር ባለችው በማቺዳ ሲሆን፣ በልጅነቱ ጥንዚዛና ሌሎች ነፍሳትን እየለቀመ መሰብሰብ ይወድ ነበር። እሱ እያደገ ሲሄድ ከተማዋም አደገች፤ ኩሬውና እርሻው በቤትና በአስፋልት ተተካ። በ1983 ጌም ፍሪክ የተባለች፣ በእጅ የምትዘጋጅ የጌም መጽሔት ጀመረ፤ ሠዓሊው ኬን ሱጊሞሪም ከጊዜ በኋላ ተቀላቀለው። በ1989 መጽሔቷ ኩባንያ ሆነች። የኒንቴንዶ ጌም ቦይ ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ጌም ቦዮችን የሚያገናኘው ገመድ ያን ጊዜ የሚያገለግለው በቴትሪስና በመሳሰሉት ለመፎካከር ነበር። ታጂሪ ገመዱን ሲያይ የታየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነፍሳት በገመዱ ላይ እየዳኹ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲሻገሩ። ሱጊሞሪ ሥዕሉን፣ ጁኒቺ ማሱዳ ሙዚቃውን ሠርተው ሥራው ወደ ስድስት ዓመት ፈጀ። ካሴቱን ሁለት ዓይነት የማድረጉን ምክር የሰጠው የማሪዮ አባት ሺገሩ ሚያሞቶ መሆኑ ይነገራል።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ጃፓን ገበያ ላይ ሲውል ጌም ቦይ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ብዙዎችም ዘመኑ ያለፈበት ዕቃ ነው ብለው ነበር። ሽያጩም መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ነገሩን ከቀየሩት አንዱ ሚው ነው። ሚው 151ኛው ሲሆን፣ ከፕሮግራም ጸሐፊዎቹ አንዱ የነበረው ሺገኪ ሞሪሞቶ ሥራው ሊያልቅ ሲል ለመፈተሻ የነበሩ ፕሮግራሞች ወጥተው በተረፈችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ያስገባው ፖክሞን ነው። ሚው አለ የሚለው ወሬ በልጆች መካከል ተዛመተ። ኮሮኮሮ የተባለው የልጆች መጽሔት ሚውን ለ20 አንባቢዎች በዕጣ እሰጣለሁ ሲል 78 ሺህ ያህል ልጆች ጻፉ። ጌሙ ከዚያ በኋላ ከልጅ ወደ ልጅ በአፍ ተሸጠ ማለት ይቻላል። አሜሪካ የገባው ሴፕቴምበር 1998 ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ነው።

እኔ ሰማያዊውን፣ የእህቴ ልጅ ቀዩን ይዘን ነው የተጫወትነው። ልጁ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስለ ጌም የሚያውቀውም በኢንተርኔት ከማያያቸው ሰዎች ጋር መተኳኮስን ነው። አንድ ቀን ሃውንተር የተባለውን መንፈስ ይዞ መጣ። ሃውንተር ከአራቱ ልዩ ፖክሞኖች አንዱ ነው፤ ካዳብራ፣ ማቾክ፣ ግራቭለርና ሃውንተር የመጨረሻውን ደረጃ የሚያገኙት በሥልጠና ሳይሆን ለሌላ ሰው ሲሰጡ ብቻ ነው። ጌንጋር እንዲኖርህ ከፈለግህ ሃውንተርህን አሳልፈህ መስጠት አለብህ። የሚለወጠው በተቀባዩ እጅ ሳለ ነው፤ ተቀባዩ አልመልስም ካለ ጌሙ የሚያስገድድበት መንገድ የለውም።

ገመዱን ሰካን። ጌሙ ውስጥ ፖክሞን ማዕከል ገብተን በስተቀኝ ያለችውን ሴት አነጋገርን፤ ሁለታችንም ሴቭ እንድናደርግ ጠየቀችን፤ ከዚያ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ መሀል አድርገን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ልጁ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አጎቴ፣ ትመልስልኛለህ አይደል?» አለኝ።

«እመልስልሃለሁ።»

«አሁኑኑ?»

«አሁኑኑ።»

ተጫነ። ኳሷ በስክሪኑ ላይ በተሳለው ገመድ ውስጥ እየተንሸራተተች ከእሱ ወጥታ ወደ እኔ ስትመጣ በዓይኑ ተከተላት። ሃውንተሩ እኔ ዘንድ ደርሶ ተንቀጥቅጦ ጌንጋር ሲሆን፣ ልጁ የራሱን ጌም ቦይ ትቶ የእኔ ላይ አጎንብሶ ነበር። መልሼ ስሰጠውም ያየው ጌንጋሩን ሳይሆን ፊቴን ነው። በእኔ እምነት ከዚያ ወዲህ የወጡት ውድ ውድ ጌሞች ይችን ደቂቃ አልደረሱባትም። ዛሬ ከማይታወቅ ሰው ጋር በዋይፋይ መለዋወጥ ይቻላል፤ ገመዱ ግን የሚያገናኘው እጅ ለእጅ የሚደርሱ ሰዎችን ነው።

ጉድለቶቹን መደበቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ዛሬ ለሚገዛ ሰው ይታያሉና። ቦርሳው የሚይዘው 20 ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው። የፖክሞን ማስቀመጫው ሳጥን ሲሞላ ኮምፒዩተር ዘንድ ሄደህ ራስህ ካልቀየርክ በስተቀር አዲስ መያዝ አይቻልም። ከሁሉ የከፋው የሳይኪክ ወገን ጉዳይ ነው። ሠሪዎቹ የመንፈስ ወገን ሳይኪክን እንዲያሸንፍ አስበው ነበር፤ በኮዱ ውስጥ ግን ተገላብጦ የመንፈስ ምት ሳይኪክን ጭራሽ የማይነካ ሆነ። በዚያ ላይ ጌንጋርና ወገኖቹ መርዝም ስለሆኑ ሳይኪክ ይበረታባቸዋል። በዚህ ምክንያት አላካዛም የተባለው ሳይኪክ ያለው ልጅ ሰፈሩን ሁሉ ሲያሸንፍ ኖረ። ስህተት ነው፤ የጨዋታውን የመጨረሻ ሩብ ያበላሸ ስህተት።

ያም ሆኖ በ160 በ144 ነጥብ ስክሪንና በአራት ዓይነት ግራጫ ይህን ያህል ዓለም መሥራት መቻሉ ይደንቃል። ላቬንደር በተባለች ከተማ፣ የሞቱ ፖክሞኖች የሚቀበሩበት ግንብ አለ። ከላይኛው ፎቅ በታች ደረጃው ላይ ማንነቱ የማይታወቅ መንፈስ መንገድ ይዘጋል፤ ሲልፍ ስኮፕ የተባለው መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ፖክሞኖችህ ፈርተው አይዋጉትም። መሣሪያው ሲገኝ መንፈሱ ከወንበዴዎች ለማምለጥ ስትሞክር የተገደለች እናት ማሮዋክ ሆና ትገኛለች። ለልጆች በተሠራ ጌም ውስጥ ሐዘን ይህን ያህል ቦታ ሲሰጠው ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ወደ ግዢው ልመለስ። ኒንቴንዶ እነዚህኑ ጌሞች በ2016 ለ3ዲኤስ በኢንተርኔት መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ያ መደብር ግን ማርች 27 ቀን 2023 ለግዢ ተዘግቷል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ዋናውን ካሴት ነው፤ ገበያው ደግሞ በፎርጅድ ተሞልቷል። ካሴቱን በደንብ ብርሃን ላይ ያዙት። ከፊት ያለው ወረቀት ላይ ቀለም የሌላቸው፣ ተጭነው የታተሙ ሁለት ቁጥሮች በማዘንበል ሲያዩት ይታያሉ። ከኋላ ያለው ብሎን በተራ ካቻቢቴ አይፈታም፤ ተራ ካቻቢቴ የሚገባበት ከሆነ ወይ ፎርጅድ ነው ወይ ሰው ከፍቶታል። ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጀምሩት፣ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፉ፣ ካሴቱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ተሸማቃችሁ ይህን ሳታደርጉ አትክፈሉ። መጫወቻውን በተመለከተ የ2003ቱ ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ብርሃን ያለውና ቻርጅ የሚደረግ ስለሆነ ለዓይን ይሻላል። ገመዱ ግን የጌም ቦይ ከለር ገመድ መሆን አለበት፤ የአድቫንሱ ገመድ ለእነዚህ ካሴቶች አይሠራም። ሻጮች ብዙ ጊዜ ይህን አያውቁትም።

ሴቭ የተደረገውን የሚጠብቀው በካሴቱ ውስጥ የተበየደች ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየች ባትሪ አንድ ቀን ትሞታለች፤ ጌሙ ይሠራል፣ ሴቭ ግን አይዝም። መቀየር ይቻላል። ስትቀየር ግን ቀድሞ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል።

የገዛሁት ሰማያዊ ካሴት የቀድሞ ባለቤቱን ጨዋታ እንደያዘ ነበር። ካሴቱ የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ስለሆነ እኔ ልጀምር ካልሁ የዚያ ልጅ መጥፋቱ ነው። ከፈትኩት። በውጊያ የሚገኙትን ስምንቱንም ባጅ አግኝቷል። ከስልሳ ደረጃ በላይ ያደረሰው ብላስቶይዝ አለው፤ ስሙንም «ቡዲ» ብሎታል። ከማስቀመጫው ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንዲት ምንም ያልሠለጠነች ፒጂ ነበረች፤ ደረጃዋ አራት፣ ስሟ በሙሉ የቃለ አጋኖ ምልክት። መቶ ሰዓት ገደማ የደከመ ልጅ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ይሆናል፣ ካሴቱንም ከዕቃ ጋር ሸጠውበት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳላስብበት ልሰርዘው አልቻልኩም፤ ሻጮች ሁሉ ካሴቱን «አጽድተው» ሲያቀርቡ እንደ በጎ ሥራ መቁጠራቸውም ትክክል አይመስለኝም።

ሁለት ካሴት መያዝ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የቀዩን ባትሪ አስቀየርን። የእህቴ ልጅ ቀዩ ላይ ጀምሮ የፖክሞን መዝገቡን እንዳገኘ ገመዱን ሰክተን ቡዲን፣ ፒጂዋንና ሌሎቹን አንድ በአንድ አሻገርናቸው። ልውውጡ አንድ ለአንድ ስለሆነ በምትካቸው ከመንገድ የያዛቸውን ራታታዎች ሰጠ። የተሻገረ ፖክሞን የመጀመሪያ አሠልጣኙን ስምና ቁጥር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ተቀባዩ የወጣለትን ስም መቀየር አይችልም። የሰማያዊውን ባትሪ ያስቀየርኩትና እንደ አዲስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጌሙ ሌላም ደንብ አለው። ከሌላ ሰው የመጣ ፖክሞን ተቀባዩ በቂ ባጅ ከሌለው አይታዘዝም። ሁለተኛው ባጅ እስከ ደረጃ 30፣ አራተኛው እስከ 50፣ ስድስተኛው እስከ 70 ያሉት እንዲታዘዙ ያደርጋል። ስለዚህ ቡዲ ወደ ውጊያ በወጣ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዴም መሀል ላይ ይተኛል። የእህቴ ልጅ በዚህ ይናደድና እንደገና ያወጣዋል። አሁን አራት ባጅ አለው። ስድስተኛው ሳፍሮን ከተማ ሳብሪና የተባለች አሠልጣኝ ዘንድ ነው፤ እሷ ደግሞ አላካዛም አላት፣ የእሱ ጌንጋር ለዚያ አይሆንም። ሰሞኑን ከእኔ ምን እንደሚለዋወጥ እያሰበ ነው።