ወንዱ ሲጽፍ ሐሳቡ፣ ሴቷ ስትጽፍ ቀሚሷ

በእኛ በቀጨኔ የሸክላ ሠሪን እጅ የማያውቅ የለም። ጭቃውን አብኩታ፣ ጀበናውን አበጅታና ተኩሳ፣ በጀርባዋ አዝላ ገበያ የምታወርደው ሴት ናት። ከተሜው ግን ቡናውን በእሷ ጀበና እያፈላ ሠሪዋን «ቡዳ» ሲላት ኖሯል። ዕቃዋን ወዶ እጇን መጸየፍ! ይህ ያለፈ ዘመን ነውር ነው የሚል ካለ፣ አንዲት ሴት ባለሥልጣን ፌስቡክ ላይ ከጻፈችው ሥር የተደረደረውን አስተያየት ያንብብ።

ብዕሬን ያስነሳኝ ሰሞኑን በሠፈራችን ሻይ ቤት የሰማሁት ክርክር ነው። «ሴት ፖለቲከኞች የሚጽፉት ስለ ሕፃናትና ስለ ምገባ ነው፤ ቁም ነገር የሚናገሩት ወንዶቹ ናቸው። ተፈጥሮ ነው» አለ አንዱ። ጓደኞቹም ተስማሙ። ለመሆኑ የሕፃን ረሃብ ቁም ነገር መሆኑ የቀረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ተፈጥሮ ነው ላሉን መልስ አለን። የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስትር የነበሩት ፊልሳን አብዱላሂ መስከረም 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሥልጣን መልቀቃቸውን ያስታወቁት በትዊተር ነው፤ ምክንያታቸውም ሕሊናቸው ነበር። ኋላም በትግራይ ጦርነት ስለተፈጸሙ የመድፈር ወንጀሎች በሚወጣው ሪፖርት ላይ ጫና እንደተደረገባቸው ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ተናገሩ። ጦርነት በሚነድበት ወቅት ወንበር ጥሎ መውጣትን ምን እንበለው? ልስላሴ?

ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴንም እናስታውስ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ስለ ሴቶች አበዛች የሚለኝ ካለ ገና መጀመሬ ነው የሚል መልእክት አስተላልፈው ነበር። ስድስት ዓመት አለፈ። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በሌላ ሰው ሊተኩ ጥቂት ጊዜ ሲቀራቸው፣ በኤክስ ገጻቸው የማሕሙድ አሕመድን ስለ ዝምታ የሚያወሳ ዘፈን ጠቅሰው፣ እሳቸውም አንድ ዓመት ያህል እንደሞከሩት ጻፉ። «ገና መጀመሬ ነው» ባለ አንደበትና በዚያ ዝምታ መካከል ምን ሆነ? አገር ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነበር። ሥልጣኑ የወግ ነው ማለትም መልስ አይሆንም፤ የወግ ወንበር ዝምታን ቢያመጣ፣ ሴትን ከዚያ ላይ አስቀምጦ ማጨብጨብ ለማን ይጠቅማል?

አሁን ደግሞ ወደ ወንዱ እንሻገር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን የጦርነት ጥሪ፣ ሁከት ያነሳሳል በሚል ከገጹ አነሣው። የደገፈም የነቀፈም ተከራከረ። «ወንድ ስለሆነ ነው» ያለ ግን አላጋጠመኝም። ወንዱ ቢሳሳት የሚሳሳተው ለራሱ ነው፤ ሴቷ ስትሳሳት የምትሳሳተው ለሴት ሁሉ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የፓርላማዎች ኅብረት ከአፍሪካ አቻው ጋር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከ50 የአፍሪካ አገሮች 224 ሴት የምክር ቤት አባላትና ሠራተኞች ተጠይቀው፣ ከምክር ቤት አባላቱ ከመቶ 80ው ሥነ ልቡናዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል፤ ከመቶ 46ቱ በኢንተርኔት በጾታቸው ተዘልፈዋል። እንግዲህ እሳት የነካት እጅ ብትጠነቀቅ ተፈጥሮ ነው ይባላል?

ሕግማ አለን። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ሲተረጉም ከብሔርና ከሃይማኖት ጋር ጾታንም ቆጥሯል። በብሔራችን ስንሰደብ ግን ነጋሪት እንጎስማለን፣ በጾታ የተሰደበችውን «ቻይው» እንላለን።

ሴት አትነቀፍ አላልኩም። በጦርነቱ ዘመን ዝም ያለች ባለሥልጣን ዝምታዋ፣ ቤት ያፈረሰች ማፍረሷ ይጠየቅ፤ ከወንዱ እኩል፣ አንዲት ዲናር ሳይቀነስላት። የምለው ስለ ቤት ፈረሳ ለጻፈች ስለ ትዳሯ አትመልሱላት ነው። የሴት ፎቶግራፍ ለምርጫ የሚለጥፉ ፓርቲዎችም አባላቸው ስትዋረድ ድምፃቸውን ያሰሙ። ዝም ካሉ የፈለጉት መልኳን እንጂ ቃሏን አልነበረም።

ቀጨኔ ይህን ንግድ ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ጀበናውን ገዝቶ ሠሪዋን የሚሰድብ ደንበኛ ለእሷ አዲስ አይደለም።