ዲሹ የጋራ፥ ሪሲቨሩ የየቤቱ ይሁን

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር መሣሪያው ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ። ዛሬ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቴሌቪዥን መገኘቱ በዋና ከተማዋ ብቻ ሳይሆን በአርባ ምንጭና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮችም እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አባት ዜና ይሻል፤ እናት ተከታታይ ድራማ ትሻለች፤ ልጅ ደግሞ የእግር ኳስ ግጥሚያ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ስለዚህም አንዱን ዲሽ ለብዙ ቴሌቪዥን የሚያዳርስበትን መንገድ የሚጠይቅ ሸማች ወደ ኤሌክትሮኒክስ መደብር መምጣቱ የተለመደ ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ ከመደብሩ የሚሰጠው መልስ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑ የንግዱን ማኅበረሰብ ክብር የሚነካ ጉዳይ ነው።

የጋራ ዲሽ ጥቅም በግልጽ የሚታየው እንደ ኦቾሎ ባለ ቦታ ነው። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፥ ከአባያ ሐይቅ በላይ ከፍ ብሎ በሚታይ አለታማ ኮረብታ ላይ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ የተሠራበት የጋሞ መንደር ነው። እንዲህ ባለው ጠባብና ዳገታማ ቦታ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ዲሽ ይትከል ማለት ገንዘብንም ቦታንም ያለ አግባብ ማባከን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሁሉ፥ ለአንዱ ከባድ የሆነው ወጪ ለጎረቤታሞች ቢከፋፈል ይቀላል። ነገር ግን የጋራ የሚሆነው የትኛው ዕቃ ነው? የየራስ ሆኖ የሚቀረውስ የትኛው ነው? ብዙው ስሕተት የሚመጣው ይህ አስቀድሞ ሳይለይ በመቅረቱ ነው።

ሸማቹ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚሄደው ርካሹን መፍትሔ፥ ማለት ስፕሊተር የሚባለውን ትንሽ ማከፋፈያ ነው። ይህ ዕቃ ለምን እንደሚያሳፍር ለመረዳት የአሠራሩን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ በሁለት አኳኋን፥ በቁምና በአግድም ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ዝቅተኛና ከፍተኛ ተብሎ በሁለት የድግግሞሽ ክፍል ስለሚመደብ በጠቅላላው አራት ክፍል ይሆናል። በዲሹ ፊት የተተከለው ባለ አንድ መውጫ ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ በገመዱ የሚያወርደው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚያወርድ የሚያዝዘውም ሪሲቨሩ ነው፤ 13 ቮልት ሲልክ ቁሙን፥ 18 ቮልት ሲልክ አግድሙን ይጠይቃል፤ 22 ኪሎኸርዝ የሆነ ምልክት ሲጨምርበት ደግሞ ከፍተኛውን ክፍል ያዝዛል።

እንግዲህ ሁለት ሪሲቨሮች በስፕሊተር አማካይነት በአንድ ገመድ ላይ ቢቀጠሉ ሁለት ጌታ በአንድ አሽከር ላይ እንደ ማዘዝ ይሆናል። አንዱ 13፥ ሌላው 18 ቮልት ቢልክ ከፍ ያለው ትእዛዝ ያሸንፋል፤ የሌላው ቤት ቴሌቪዥንም በድንገት ይጠፋል። ባለቤቱ ሪሲቨሩ የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል፤ ወይም ጎረቤቱን ይጠረጥራል። እውነት ነው፥ በሁሉም ቤት የሚታዩት ጣቢያዎች ከአራቱ በአንዱ ክፍል ብቻ የሚገኙ ከሆነ ስፕሊተሩ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁኔታ ሳይነገረው የገዛ ሰው ጣቢያዎቹ ቦታቸውን በለወጡ ቀን የተታለለ መሆኑን ይረዳል።

ሁለተኛው መንገድ አንዱን ሪሲቨር በገመድ ወደ ብዙ ቴሌቪዥን ማከፋፈል ነው። ይህ ለምግብ ቤትና ለሻይ ቤት፥ በጠቅላላው ሁሉም ሰው አንድ ነገር ለሚያይበት ቦታ ተስማሚና ቁጠባ ያለበት ነው። ለመኖሪያ ቤት ግን አይስማማም፤ በአንዱ ክፍል ጣቢያ ሲለወጥ በሌላውም ይለወጣልና ሪሞቱን የያዘው ሰው የሁሉ አዛዥ ይሆናል። ብዙ ቴሌቪዥን ተገዝቶ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚታይ ከሆነ የተገዛበት ምክንያት ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ዲሹን የጋራ አድርጎ ሪሲቨሩን ለየቴሌቪዥኑ መለየት ነው። ለዚህም ሁለት፥ አራት ወይም ስምንት ነጻ መውጫ ያለው ኤልኤንቢ በገበያ ላይ አለ። ከእያንዳንዱ መውጫ የሚወርደው ገመድ በቀጥታ ለአንድ ሪሲቨር ይደርሳል፤ ሪሲቨሩም ኃይሉን ለራሱ መስመር ስለሚልክ የአንዱ ቤት ትእዛዝ የሌላውን አይነካም። አራት ቤት ለሚጋራው ዲሽ ባለ አራት መውጫው ይበቃል። ቤቶቹ ከስምንት በላይ ከሆኑ ደግሞ አራቱን ክፍል ለየብቻ የሚያወርድ ልዩ ኤልኤንቢና መልቲስዊች የተባለ ማከፋፈያ ያስፈልጋል። በአውሮፓ በብዙ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚሠራበትም ይኸው ነው። በአዲስ አበባ በየኮንዶሚኒየሙ ሰገነት ላይ ተደርድረው የሚታዩት ዲሾችም ይህ ዕውቀት ከሸማቹ ዘንድ በጊዜው ቢደርስ ኖሮ በቁጥር እጅግ ባነሱ ነበር።

በኦቾሎና በአካባቢዋ አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለው መድረክ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 በተባለው ሳተላይት ላይ፥ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት የሀገር ውስጥ ጣቢያዎችን ለማየት ብዙው ዲሽ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ወደ ናይልሳት ይመለከት ነበር። ስለዚህም ለኦቾሎ ሰው ለውጡ ፊቱን ወደ ምዕራብ ተራሮች ያደረገውን ዲሽ አዙሮ ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ፥ ወደ ላይም አብዝቶ ቀና እንዲል ማድረግ ነበር። ሁለቱም አቅጣጫ የሚፈለግበት ግቢ ካለ፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት 64 ዲግሪ ስለ ሆነ ኤልኤንቢ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ዲሽ ያስፈልጋል። ለአራት ቴሌቪዥን እንዲሆን ሁለት ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢና አራት ስዊች በዲሾቹ አጠገብ ቢደረግ፥ ወደ ቤቶቹ የሚወርደው ገመድ አራት ብቻ ይሆናል። ይህን ስሌት ለሸማቹ በወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

አንዳንድ ነጋዴ ዲሽ በጋራ ከሆነ ሽያጭ ይቀንሳል ብሎ ይሰጋ ይሆናል። ሥጋቱ መሠረት የለውም። ዲሹ አንድ ቢሆንም ሪሲቨሩ አራት ነው፤ ባለ ብዙ መውጫ ኤልኤንቢ፥ ጥሩ ገመድ፥ ስዊችና የሠራተኛ ዋጋ አለበት። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ተራሮች መካከል ባሉ ትንንሽ ከተሞች ተራራው ሞገዱን ስለሚከልል ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ጠፍቶ ነበር። ከሻጮቹ አንዳንዶቹ በተራራው ራስ ላይ የጋራ አንቴና ተክለው በገመድ ወደ ደንበኞቻቸው ቤት አወረዱት፤ የኬብል ቴሌቪዥን ንግድ ከተነሣባቸው ምንጮችም አንዱ ይህ ሆነ። ነጋዴዎቹ የተጠቀሙት የሸማቹን ችግር እንደ ራሳቸው ችግር አድርገው ስላዩት ነው።

የጋራ ንብረት ሲበላሽ ማን ያሠራዋል የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። ለኦቾሎ ግን በጋራ መክሮ መወሰን አዲስ ትምህርት አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርክ አቤሌስ የመንደሩን የጉባኤ ሥርዐት አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መጽሐፍ ማሳተሙ ይታወቃል። በዱቡሻ ተቀምጦ ከባድ ጉዳይ የሚመረምር ሕዝብ ስለ አንድ ዲሽ መስማማት አያቅተውም። የሚያስፈልገው ስምምነቱ ከመትከሉ በፊት መሆኑ ነው፤ ዲሹ በማን ግቢ እንደሚቆም፥ ሲበላሽ ወጪው እንዴት እንደሚከፈል፥ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አስቀድሞ ይወሰን። ይህ ሁሉ የሚባለው በነጻ ስለሚታዩት ጣቢያዎች ነው፤ በክፍያ የሚታየውን ወደ ጎረቤት ማስተላለፍ የአቅራቢውን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሻጩ ይህንንም ሳይሸሽግ መንገር አለበት።

ከሁሉ በላይ የደኅንነት ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በከፍታ ላይ የቆመ ብረት ለመብረቅ የተጋለጠ ነው፤ የየራሳቸው የመብራት ቆጣሪ ያላቸውን ቤቶች የሚያገናኝ ገመድም የአንዱን ቤት የኤሌክትሪክ ብልሽት ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ስለዚህ የዲሹ ምሰሶና የገመዶቹ ውጭኛ ሽፋን አንድ ላይ ተያይዘው በጠንካራ ሽቦ ወደ መሬት መውረድ አለባቸው፤ መጋጠሚያዎቹም ውሃ እንዳይገባባቸው ይሸፈኑ። ይህን ሥራ ለመቆጠብ ሲባል የሚተው ዲሽ ሠሪ የሰው ሕይወት ላይ ይቆጥባል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የሕጉ ትእዛዝ ባይኖርም እንኳ የነጋዴነት ሞያ ይህንኑ ያስገድዳል። ከአርባ ምንጭ ገበያ ስፕሊተር ገዝቶ ወደ ኦቾሎ ዳገት የወጣ ሰው ዕቃው እምቢ ሲለው ለአቤቱታ የሚመለስበት መንገድ ሩቅ ነው፤ የሚከስረውም ገንዘቡን ብቻ አይደለም፥ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ሰላም ጭምር ነው። ስለዚህ መደብሮች ለሁለት፥ ለአራትና ለስምንት ቴሌቪዥን የሚሆነውን ዕቃ በአንድነት አዘጋጅተው፥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በአማርኛና በጋሞኛ ጽፈው ቢያቀርቡ፥ የንግድ ምክር ቤቶችም ለአባሎቻቸውና ለዲሽ ሠሪዎች አጭር ትምህርት ቢያሰናዱ፥ ሸማቹ ከኪሳራ፥ ነጋዴውም ከወቀሳ ይድናሉ። ሥራው የሚጀምረው ሸማቹ ስፕሊተር ሲጠይቅ ዋጋውን ከመንገር በፊት «ስንት ቴሌቪዥን አለዎት?» ብሎ በመጠየቅ ነው።